የጅማ አናጺ የሠራተኛ ማኅበር ያስፈልገዋል ወይ?

ጠያቂው፦ ሰሞኑን ሂርማታ አካባቢ አንድ ወጣት አናጺ ጣቱን መጋዝ ቆረጠው። አሠሪው የሐኪም ቤቱን ከፍሎ በዚያው አሰናበተው። ማኅበር ቢኖረን እንዲህ ይሆን ነበር? ተነጋገሩበት።

ባለ ወርክሾፕ፦ እኔ አልደግፍም። የማሠራው ሦስት ልጆች ነው። የዋንዛ ጣውላ ተወዷል፣ መብራት ይጠፋል። እኔም ተለማማጅ ሆኜ ነው የጀመርኩት፤ ከልጆቹ ጋር አንድ ትሪ ላይ ነው የምንበላው። ማኅበር የፋብሪካ ነገር ነው። ጅማ በርጩማዋን ስትጠርብ የኖረችው ያለ ማኅበር ነው።

ተቀጣሪ አናጺ፦ ጋሼ፣ አብረን መብላታችንን አልክድም። ግን ለተቆረጠ ጣት ካሳ አይሆንም። «የፋብሪካ ነገር» ያሉት ድሮ ልክ ነበር። በንጉሡ ዘመን፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ የወጣው ሕግ ማኅበር ለማቋቋም 50 ሠራተኛ ይጠይቅ ነበር። 50 አናጺ አንድ ጣሪያ ሥር ከየት ይምጣ? ፋብሪካዎቹ ተደራጁ፣ እኛ ውጭ ቀረን። አሁን ግን አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ10 ሠራተኛ በታች ባላቸው ቤቶች የምንሠራ ተሰባስበን ጠቅላላ ማኅበር እንድናቋቁም ይፈቅዳል። አባላቱ ከ10 ካላነሱ ይበቃል። ከሦስት አራት ወርክሾፕ 10 ሰው አይጠፋም።

የታሪክ መምህር፦ የአሜሪካ አናጺዎችም የጀመሩት በትንሹ ነው። በ1881 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ ሲሰባሰቡ አባሎቻቸው 2 ሺህ ገደማ ነበሩ። በ1890 ግን የ8 ሰዓት የሥራ ቀን ትግልን ከፊት የመሩት እነሱ ናቸው።

በቁርጥ የሚሠራ፦ ቺካጎን ተዉት። እኔ ቀጣሪ የለኝም። ዛሬ በር እገጥማለሁ፣ ነገ ጣሪያ እማግራለሁ። የእኔን ነገር ማን ያየዋል?

ተቀጣሪ አናጺ፦ እውነት ነው ወንድሜ፣ የሠራተኛ ማኅበር ለተቀጣሪ ነው። ላንተ የሚሻለው የኅብረት ሥራ ማኅበር ይመስለኛል። መጋዙ ግን ሁላችንንም ይቆርጣል።

ባለ ወርክሾፕ፦ እሺ፣ ልጆቼ ቢገቡ አልከለክልም። ግን አንዱ ቢጎዳብኝ ካሳውን ብቻዬን ከየት አመጣለሁ?

ተቀጣሪ አናጺ፦ ጋሼ፣ ሕጉ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት፣ ጥፋት ባይኖርብዎትም እንኳ፣ አሠሪውን ነው ተጠያቂ የሚያደርገው። ከዛሬ ጀምሮ ኢንሹራንስ ይግቡ። እናንተ ባለ ወርክሾፖችም ተሰብሰቡ፤ ዋጋውን አብራችሁ ተደራደሩ።