ጌም ጊዜ ይሰርቃል ወይስ እኛው ነን የምንሰጠው?

ብዕር አልባ፦ ትናንት በድምፅ ውይይታችን ላይ «የዘንድሮ ጀማሪ ደራሲ የማይጽፈው ጌም ላይ ተጥዶ ስለሚውል ነው» ተባለ። ጭብጨባው ደግሞ ጉድ ነው! እስካሁን ያንገበግበኛል። ጌም ሳይመጣ በፊት የጀመረ ሁሉ ልብ ወለዱን ይጨርስ ነበር እንዴ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ጌም ጊዜ አይሰርቅም፤ ጊዜውን የምንሰጠው እኛ ነን። መጻፍ የፈራ ሰው ጌም ቢያጣ መደርደሪያ ሲወለውል ይውላል።

የማለዳ ጤዛ፦ «የምንሰጠው እኛ ነን»! አፍህ ላይ እንዴት ያምራል። እስቲ ሲቪላይዜሽንን፣ ያንን በየዙሩ አገር የምትገነባበትን ጌም፣ ክፈትና በፈቃድህ ሰጥተህ በፈቃድህ ዝጋ። ሲድ ሜየር እ.ኤ.አ. በ1991 ካወጣው ጀምሮ «አንድ ዙር ብቻ» የተጫዋቹ ሁሉ ቀልድ ነው። ዙሩ ሲያልቅ ሁሉም ነገር አብሮ አያልቅማ! ቤተ መጻሕፍቱ ሊጠናቀቅ ሁለት ዙር ይቀረዋል፣ መርከቧ በሚቀጥለው ዙር ትደርሳለች፣ ጎረቤትህ ደግሞ ድንበር ላይ ጦር እያከማቸ ነው። የቱ ጋ ነው «ይብቃኝ» የምትለው? ስኮትላንዳዊው ኢየን ባንክስ፣ ያውም ስንት መጽሐፍ ያሳተመ ሰው፣ በዚሁ ጌም የተነሳ መጽሐፉ እንደዘገየበት ራሱ ተናግሯል።

ብዕር አልባ፦ ዘገየ እንጂ ቀረ? ታተመ አይደል! ለእኔ መሰከርሽልኝ።

የማለዳ ጤዛ፦ የታተመው እኮ ጌሙን ከኮምፒውተሩ ካጠፋው በኋላ ነው። በፈቃዱ የሚሰጥ ሰው ምን አስጨንቆት ያጠፋዋል?

አራት ነጥብ፦ ልጆች፣ ቀስ በሉ። ሩሲያዊው ደራሲ ዶስቶየቭስኪ ሩሌት ቁማር ላይ ገንዘቡን ሲበትን ኖሮ፣ በ1866 ስለ ቁማርተኛ የሚተርክ ልብ ወለድ በ26 ቀን ውስጥ ለጸሐፊዋ እየነገረ አስጽፎ ጨረሰ። ጨዋታው ባይኖር መጽሐፉም ባልኖረ።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ያጻፈው ውሉ ነው። በቀኑ ካላስረከበ አሳታሚው ለ9 ዓመት ሥራዎቹን ያለ ክፍያ ሊያትም ተፈራርመዋል። እንዲህ ዓይነት ውል ለብዕር አልባም ይሰጠው፤ የዚያን ጊዜ ጊዜውን ለማን እንደሚሰጥ እናያለን።

አራት ነጥብ፦ ውሉን ያስፈረመው ዕዳ አይደለም? ቁማር ላይ የሚያመላልሰውስ ያው የገንዘብ ነገር አይደለም?

ቀይ እስክሪብቶ፦ እንግዲያስ ጀማሪዎቹን ቁማር ቤት እንላካቸው!

ሦስተኛ ረቂቅ፦ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። የሰዓት ነገር ብዙም አያሳስበኝም። ሌሊቱን ስትጫወትም ሰዓት ተርፎህ የማትጽፍበት ቀን አለ። አሁን የያዝኩት ታሪክ ላይ ሴትዮዋ የወንድሟ በር ላይ ቆማለች፤ ታንኳኳ ወይስ ትመለስ አልወሰንኩም። ብታንኳኳ ሦስት ምዕራፍ ይፈርሳል። ጌም ስከፍት ግን በየደቂቃው እወስናለሁ፤ ይሄን በር ክፈት፣ ያንን ሰው ልቀቅ፣ ይሄን መንገድ ተው። ለእያንዳንዷ ውሳኔ ወዲያው መልስ አገኛለሁ። ስዘጋው የመወሰን አምሮቴ ወጥቶልኛል። ሴትዮዋ በር ላይ ትቆይ፣ ምን ቸገረኝ?

ብዕር አልባ፦ እሱ የአንቺ ጠባይ ነው። እኔ ተጫውቼ ስነሳ እጄ ይፍታታል። ደግሞ ጌም ላይ ብትሳሳቺ ያስቀመጥሽበት ተመልሰሽ እንደገና ትሞክሪያለሽ፤ ረቂቅም እኮ ይፋቃል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ሦስተኛ ረቂቅ፦ ጌሙ መሳሳቴን ይነግረኛል። ረቂቁ ዝም ነው የሚለኝ። ሃያ ገጽ ሄጄ ነው የሚገባኝ።

ነጠላ ሰረዝ፦ ሁላችሁም ጌምን ከድርሰት ውጭ ያደረጋችሁት ምን ሆናችሁ ነው? ሮበርት ኩርቪትስ የኢስቶኒያ ደራሲ ነው። ልብ ወለዱ አልሸጥ ሲለው በ2019 ከጓደኞቹ ጋር ዲስኮ ኤሊሲየም የተባለውን ጌም አወጣ። ሚሊዮን ገደማ ቃላት አሉት! ከመካከላችን ይህን ያህል የጻፈ ማነው?

የማለዳ ጤዛ፦ እሱ ሠራው። እናንተ የምትጫወቱት እሱ ቁጭ ብሎ የጻፈውን ነው። ምን ያገናኘዋል?

ነጠላ ሰረዝ፦ ታዲያ ያነበበም ሰው ሌላው የጻፈውን ነው ያነበበው። ማንበብንም ከልክይና!

ቀይ እስክሪብቶ፦ የስልኮቹን ጌሞች ረሳችኋቸው። በየቀኑ ከገባህ ሽልማት አለ፤ አንድ ቀን ብትቀር ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ማታ ላይ «ሽልማትህ ሊያመልጥህ ነው» እያለ ይቀሰቅስሃል። ምዕራፍ ዐሥርን ብተወው ማን ይቀሰቅሰኛል? የዓለም ጤና ድርጅት ዝም ብሎ አይደለም የጌም ሱስን ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባው።

ብዕር አልባ፦ አሁንማ በሽተኛ ተባልን! ዝርዝሩን ጨርሰህ አንብብ። ሰውየው መቆጣጠር አቅቶት፣ ኑሮው በግልጽ ተናግቶ፣ ያም አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ሲዘልቅ ነው። ከእራት በኋላ አንድ ዙር የተጫወተ ሁሉ ታካሚ አይደለም።

የማለዳ ጤዛ፦ «አንድ ዙር» አልክ? 😂

አራት ነጥብ፦ እኔ በበኩሌ ጌም የሚባል ነገር ነክቼ አላውቅም። ሐሳብ ሲዘጋብኝ ሶሊቴር ብቻ ነው የምደረድረው።

ነጠላ ሰረዝ፦ ጋሼ! ሶሊቴር ጌም ነው!

አራት ነጥብ፦ የለም፣ የማውስ ልምምድ ነው። በ1990 ዊንዶውስ 3.0 ላይ የገባው ሰው ካርዱን እየጎተተ ማውስ እንዲለምድ ነው።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ታዲያ ከ1990 እስከ ዛሬ ማውሱን አልለመዱትም?

አራት ነጥብ፦ አንተ ልጅ፣ የእኔ ሁለተኛ መጽሐፍ ከወጣ በኋላ ያንተን የመጀመሪያውን አሳየኝና እንነጋገራለን።

የማለዳ ጤዛ፦ ጋሼን ተዉአቸው። ብዕር አልባ ግን አልመለሰልኝም፤ ባንክስ ጌሙን ለምን አጠፋው?

ብዕር አልባ፦ መጽሐፉን ለመጨረስ ስለፈለገ! ፈለገ፣ አጠፋ። ማን ሰጠ፣ ማን ከለከለ? ራሱ።

የማለዳ ጤዛ፦ እሺ፣ አንተም ፈልግና አጥፋው፤ ዛሬ ማታ።

ብዕር አልባ፦ ለምን ብዬ? እኔ አልዘገየሁም።