አባዬ ኬሞውን ትቶ «ቢ 17» ልጀምር ይላል፤ ምን ልበለው?

የበኩር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባዬ የትልቁ አንጀት ካንሰር አለበት፤ ደረጃ 3 ተብሏል። ዕጢው በኦፕራሲዮን ወጥቷል። አሁን ኬሞ ላይ ነው። ኦክሳሊፕላቲን የሚባለው መድኃኒት ክፉኛ አሠቃየው። ጣቶቹ ይደነዝዛሉ። ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ እንደ መርፌ ይወጋዋል። የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ ሰው ነው የሚቆልፍለት። ኩሩ ሰው ስለሆነ ከሕመሙ ይልቅ ያንገበገበው ይሄ የቁልፍ ነገር ነው።

አጎቴ ደግሞ ከአንድ ሰውዬ ጋር አገናኘው። ሰውዬው ከአፕሪኮት ዘር የተሠራ «ቫይታሚን ቢ 17» የሚባል እንክብል ይሸጣል። ካንሰር የሚመጣው በዚህ ቫይታሚን እጥረት ነው ይላል። «ኬሞው ሰውነትህን እየመረዘው ነው፤ መጀመሪያ እሱን አቁም» ብሎታል። አባዬም ለሚቀጥለው ዙር አልሄድም አለ። ስከራከረው «የምወጋው እኔ፣ የምትቆጪው አንቺ!» ይለኛል። አጎቴና ታናሽ ወንድሜ ከእሱ ጋር ናቸው፤ እኔና እናቴ በዚህ በኩል።

ቤተሰቡ ይህን ዓይነት ነገር የሞከረ ካለ፣ የሆነውን ሳይደብቅ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ፋርማሲስቱ፦
ይማርልሽ። ቢ 17 የሚባል ቫይታሚን የለም፤ ለሽያጭ እንዲመች የወጣ ስም ነው። ነገሩ አሚግዳሊን ይባላል። ሌትሪል የሚሉትም ከዚሁ የተሠራ ነው። አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሲሰባብሩት ሳያናይድ የሚባል ገዳይ መርዝ ይለቃል። ለዚህ ነው በአፍ ሲዋጥ በደም ሥር ከሚሰጠው ይበልጥ የሚያሰጋው። ብዙ ቫይታሚን ሲ አብሮ ሲወሰድ ደግሞ አደጋው ይጨምራል።

«ሐኪሞች ሊሞክሩት አልፈለጉም» ካሏችሁ አትመኑ፤ ተሞክሯል። አሜሪካ ውስጥ 178 ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1982 ታተመ። አልፈወሰም፣ ዕድሜም አላራዘመም፣ ሕመምም አላስታገሰም። የአንዳንዶቹ ደም ውስጥ ያለው ሳያናይድ ግን ወደ ገዳይ መጠን ተጠግቶ ነበር። አባትሽ እንክብሉን ወስደው ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማስመለስ ወይም የከንፈር መጥቆር ካዩባቸው በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።

ሌላው የጣቶቻቸው ነገር ነው። ይህን ሐኪማቸው ያውቃል? ብዙ ሰው «ኬሞውን ያቋርጡብኛል» ብሎ ይደብቃል። መደበቅ የለበትም። ኦክሳሊፕላቲን ይቀነሳል፣ ይዘገያል፣ አንዳንዴም እሱ ብቻ ቆሞ ሌላው መድኃኒት ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ትልቅ ጥናት ደግሞ ለአንዳንድ የደረጃ 3 ሕመምተኞች የ3 ወር ኬሞ ከ6 ወሩ ጋር የሚቀራረብ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። አባትሽ ከእነዚህ መሆን አለመሆናቸውን መናገር የሚችለው ሐኪማቸው ነው። ጠይቁት።

ታናሿ፦
እኔ የታላቅ እህቴን ልንገርሽ። ጡቷ ላይ የወጣው ዕጢ ትንሽ ነበር። ሐኪሟ ቶሎ ይውጣ አለች። እህቴ ጡቴን አጣለሁ ብላ ፈራች። አንድ «የተፈጥሮ ሕክምና ባለሙያ ነኝ» ባይ ጥቁር ቅባት ሰጣት፤ ካንሰሩን መርጦ ያወጣል ብሎ። ቅባቱ ሥጋ የሚያቃጥል ነገር ነው። ጤነኛውን ከታመመው አይለይም።

የሰውዬው አነጋገር እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው። ቆዳዋ ሲቆስል «አየሽ፣ ካንሰሩ እየወጣ ነው» አላት። ቁስሉ ሲሸት «መርዙ ነው» አለ። ስትከሳ «ዕጢው እየተራበ ነው»። ብብቷ ሥር ሌላ ዕብጠት ሲወጣ ደግሞ «እዚያ ተሰብስቦ ሊወጣ ነው»! ብትሻላት ቅባቱ ሠራ፣ ቢብስባትም ቅባቱ ሠራ። በመጨረሻ ባሏ «እሺ፣ ምን ብናይ ነው አልሠራም የምንለው?» ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው ተቆጣ። «ጥርጣሬ ፈውስን ይዘጋል» አለው። እህቴ ይህንን ቁጭ ብላ ሰምታለች። እኛ ቤተሰቦቿ ለምነናት፣ አልቅሰንባት እሺ ያላለችው፣ በዚያ ሳምንት ራሷ «ሆስፒታል ውሰዱኝ» አለች።

ሐኪሟ አልተቆጣቻትም፤ ይህንን መቼም አልረሳላትም። ከጥቁሩ ቅርፊት ሥር ናሙና ወሰደች። ካንሰሩ እዚያው ነበር። አሁን አጥንቷ ላይ ደርሷል። መድኃኒቷን እየወሰደች ነው፣ ትሠራለችም። ግን ነገሩ ከእንግዲህ የማዳን ሳይሆን የማቆየት ነው ተብለናል።

ስለዚህ አባትሽን አትሟገቺያቸው። ያንኑ ጥያቄ ሻጩን ራሳቸው ይጠይቁት፤ «አልሠራም የምትለኝ ምን ሲሆን ነው? እስከ መቼ?» ሐኪሙንም ይጠይቁት። ሐኪሙ መልስ አለው። ሲኢኤ የሚባል የደም ምርመራ አለ፣ ሲቲ ስካን አለ፣ ቀን ተቆርጦ የሚታይ ነገር ነው።

ሌላ ወገን፦
እናንተ ደግሞ ነገር ሁሉ መርዝ ነው። አክስቴ የአንጀት ካንሰር ነበረባት። ኬሞ አልፈልግም ብላ ቅጠል ብቻ ነው የወሰደችው። ዛሬ ደህና ናት። ይህስ ማስረጃ አይደለም?

ፋርማሲስቱ፦
አክስትህ እንኳን ደህና ሆኑ። ኦፕራሲዮን ሆነው ነበር?

ሌላ ወገን፦
አዎ። ከዚያ በኋላ ግን ምንም።

ፋርማሲስቱ፦
ታዲያ ዕጢውን ያወጣው ሐኪሙ ነዋ! ኦፕራሲዮኑ ብቻ የሚበቃቸው ሰዎች አሉ። ካንሰሩ የማይመለስበት ማን እንደሆነ ግን አስቀድሞ በእርግጠኝነት አይታወቅም። ኬሞው የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ደግሞ እኔ የቅጠል ጠላት አይደለሁም። ቪንክሪስቲን የሚባለው የካንሰር መድኃኒት የተገኘው ከአበባ ተክል ነው፤ ፓክሊታክሴል ከዛፍ ልጣጭ። ልዩነቱ እነሱ ተመዝነው፣ ተሞክረው መውጣታቸው ነው።

የበኩር ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የታናሿን ጽሑፍ ለአባዬ አነበብኩለት። ምንም አላለም። ማታ ግን ሻጩ ጋር ደወለ፤ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ጥያቄውን ጠየቀው። ሰውዬው «እምነት ከሌለህ አትጀምር» አለው። አባዬ «እምነት የምሄድበት ቦታ ሌላ ነው» ብሎ ዘጋበት! አጎቴ አኩርፏል። ያልፍለታል።

ኬሞውን እቀጥላለሁ ግን አላለም። ከሐኪሙ ጋር ስለ ጣቶቹ አወራለሁ፣ ከዚያ እወስናለሁ ነው ያለው። እንክብሉንም አልጣለውም። አንድ ሁለት ቀን ሳይወስድ እንዳልቀረ እናቴ ነግራኛለች። ይህን ለሐኪሙ ልናገር ወይስ አባዬን ማሳጣት ይሆንብኛል?

ፋርማሲስቱ፦
ቢቻል ራሳቸው ይናገሩ፤ ቀድመሽ በለዘብታ አስረጂያቸው። እንክብሉን ከነብልቃጡ ይዛችሁ ሂዱ። ስንት እንደወሰዱና መቼ እንደወሰዱ ወረቀት ላይ ጻፉት። የሚወስዱት ሌላ ቫይታሚን ወይም ቅጠል ካለም አብራችሁ ጻፉ።