ቄራ የመለሰብኝ በሬ፤ ምን ላድርገው?

የጫጫው አድላቢ፦
ሰላም ወገን። ለመስቀል ያደለብኩትን በሬ ትናንት ደብረ ብርሃን ቄራ አስገባሁ። ለሀጩ ይዝረበረባል፣ የፊት እግሩን ያነክሳል። ሐኪሙ ሙቀቱን ሲለካው 40.6 ሆነ። «አይታረድም» ብሎ ወረቀት ሰጠኝ። አራት ወር ሙሉ ፉርሽካና ፋጉሎ ያበላሁት በሬ እኮ ነው! በር ላይ አንድ ደላላ በግማሽ ዋጋ ልውሰደው ይለኛል፣ ሰፈር ደግሞ «ሥጋው ምን ሆነ፣ ቅርጫ እንግባበት» እያሉ ነው። በሬው እዚያው ቄራ ታስሯል። ምን ትላላችሁ?

ሥጋ ቤት ነኝ፦
ለደላላው እንዳትሰጠው። የታመመ በሬ በግማሽ ዋጋ የሚገዛ ሰው ሊያስታምመው አይደለም፤ ሌሊት አንዱ ጓሮ አርዶ ሊሸጠው ነው። መጀመሪያ ሐኪሙን በደንብ ጠይቀው፦ ለጊዜው ታግዶ ነው ወይስ ጭራሽ ለእርድ አይውልም? ሁለቱ ለየቅል ናቸው። እኔ አንዴ ከመሐል ሜዳ ከተማ በአይሱዙ ያመጣሁት በሬ ደክሞት ታግዶብኝ፣ አንድ ቀን አርፎ ውሃ ጠጥቶ ሲታይ አለፈ። ያንተ ግን በድካም ብቻ አይመስለኝም።

የከብት ሐኪም፦
ለሀጭ፣ ማንከስና ትኩሳት አንድ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አፍተግር፣ ማለትም የአፍና የእግር በሽታ ነው። ምላሱን፣ ድዱንና የሰኮናውን መሀል እዩለት፤ ውሃ የቋጠረ ወይም የተላጠ ነገር አለ? ቫይረስ ስለሆነ የሚያድነው መርፌ የለም፤ ለቁስሉ ማመርቀዝ ነው የሚታከመው። ትልቅ ከብት አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሦስት ሳምንት ያገግማል፣ ጥጃ ላይ ነው የሚከፋው። ችግሩ መዛመቱ ነው። በለሀጩ፣ በትንፋሹ፣ በገመዱ፣ ባንተ ቦቲ ሳይቀር ይሄዳል፤ በግና ፍየልም ይይዛል። ስለዚህ በገበያ መሀል እየነዳህ ወደ ቤት እንዳትመልሰው። ለብቻው የሚታሰርበት በረት እንዲሰጡህ ለምናቸው። ቅርጫውንም ተወው፤ ትኩሳት ያለው ከብት ሲታረድ ደሙ በደንብ አይፈስም፣ ሥጋው ቶሎ ይበላሻል፤ ደግሞ ትኩሳቱ ከምን እንደመጣ ገና አልታወቀም።

የመንዝ ልጅ፦
እኔ የምጨምረው፣ በሬው ድንገት ከሞተ እንዳትከፍተው! በአፍንጫው ወይም በፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ከፈሰሰ አባ ሰንጋ ነው ብለህ ጠርጥር። ቆዳው ያሳሳል፣ አውቃለሁ። የእኛ ሰፈር ሰውዬ ገፎ እጁ ላይ ጥቁር ቁስል ወጣበት፣ ቶሎ ጤና ጣቢያ ስለሄደ ተረፈ እንጂ። ለእንስሳት ጤና ክሊኒክ ንገር። ሁለት ሜትር ተቆፍሮ፣ ከውሃ ርቆ ይቀበራል። የበሽታው ዘር አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል፣ ስለዚህ ከብት የሚግጥበት ቦታ ላይ አይሆንም።

የጫጫው አድላቢ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ከአምስት ቀን በፊት መብል ሲቀንስብኝ የሃያ ፐርሰንቱን ኦክሲ (ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን የአንቲባዮቲክ መርፌ) ራሴ ወግቼዋለሁ።

የከብት ሐኪም፦
አይ ወንድሜ! ይሄንን ለቄራው ሐኪም ነገርከው? ዛሬውኑ ንገረው። ቢድንም እንኳ መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ አይታረድም። የሃያ ፐርሰንቱ ብዙ ጊዜ 28 ቀን ይላል፤ ግን የራስህን ጠርሙስ አንብብ፣ እንደ አምራቹ ይለያያል። የመስቀሉን ገበያ እርሳው።

ሥጋ ቤት ነኝ፦
ለገና ይደርሳል። ያኔም ዋጋ አለው።

የጫጫው አድላቢ፦
ዛሬ ጠዋት አፉን ከፈትንለት። ምላሱ ተልጧል፣ ሰኮናው መሀልም ቆስሏል፤ ሐኪሙም አፍተግር ነው አለኝ። የመርፌውን ነገር ስነግረው ትንሽ ተቆጣኝ፣ ከዚያ ዳር ያለ በረት ሰጠኝ። ለስላሳ ድርቆሽና ውሃ አቅርቤለታለሁ። ቤት ያሉት ሁለቱ ከብቶቼ እስካሁን ይበላሉ፤ ቦቲዬን ሳላጥብ ግን አልጠጋቸውም። ደላላው ዛሬም በር ላይ ነበር፣ ዋጋ ጨምሯል።