ላፕቶፔ በጣም እየጋለ በራሱ ይጠፋል፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ኮር አይ 5 ሦስተኛ ጄነሬሽን ላፕቶፕ ነው ያለኝ፣ አሮጌ ነው ግን ቴሲሴን የምጽፈው በሱ ስለሆነ ሌላ ልግዛ ብል አቅሙ የለኝም። ሰሞኑን ትንሽ ከሠራሁበት ፋኑ ይጮሃል፣ ኪቦርዱ በግራ በኩል እጅ ያቃጥላል፣ ከዛ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ጥገና ቤት ወስጄው ማዘርቦርዱ ይቀየር አሉኝ። ግን እኮ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይበራል፣ እውነት ማዘርቦርድ ነው?

መልስ 1፦
እህቴ እንዳትቸኩዪ። ቀዝቅዞ የሚበራ ከሆነ ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱን እያጠፋ ነው፣ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል ካልበረደ ደግሞ ያጠፋዋል። ኤችደብሊው ሞኒተር የሚባለውን ፕሮግራም ጫኚና ሙቀቱን እዪ፣ ምንም ሳትከፍቺበት 70 እና 80 ካለ ችግሩ ማቀዝቀዣው ጋ ነው። ፋኑ ላዩን ንጹህ ሊመስል ይችላል፣ ሲፈታ ግን በፋኑና በሂትሲንኩ (ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወስዶ የሚያወጣው ብረት) ቀጫጭን ክንፎች መሃል አቧራው ተጋግሮ እንደ ጨርቅ ተልጦ ነው የሚወጣው፤ አየር በየት ይለፍ?

መልስ 2፦
ትክክል፣ ግን አቧራውን ብቻ አራግፈሽ እንዳትዘጊው። ያ ጄነሬሽን እ.ኤ.አ በ2012 የወጣ ነው፣ ፔስቱ (በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መሃል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ተቀይሮ የማያውቅ ከሆነ እስካሁን ደርቆ ተሰነጣጥቆ ይሆናል። መጀመሪያ ቻርጀሩንና ባትሪውን አውጪ፣ የድሮውን ፔስት በጥጥና በአልኮል ጥረጊና በደንብ ይድረቅ፣ አዲሱን የሩዝ ፍሬ የምታክል ብቻ ፕሮሰሰሩ መሃል ላይ አድርጊ፣ ሲበዛ ጥሩ የሚመስላቸው አሉ አይደለም። የሂትሲንኩ ብሎኖች አጠገባቸው ቁጥር ካለ በቁጥሩ ተራ ትንሽ በትንሽ እያጠበቅሽ ሂጂ። በብሎወር ስትነፊ ደግሞ ፋኑን በጣትሽ ያዢው፣ ከመጠን በላይ ከዞረ ይበላሻል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ቅዳሜ አስፈታዋለሁ፣ እስከዛ ግን መጻፍ አለብኝ ምን ይሻላል?

መልስ 3፦
እስከዛ የዊንዶውስ ፓወር ኦፕሽን ውስጥ ግቢና ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚለውን ከ100 ወደ 99 አውርጂው፣ ተርቦው (ፕሮሰሰሩ ለጊዜው ፍጥነቱን የሚጨምርበት) ስለሚጠፋ ሙቀቱ ይወርዳል፣ ለጽሑፍ ሥራ ልዩነቱ አይታወቅሽም። አልጋ ላይ አትጠቀሚ፣ ከኋላ በኩል መጽሐፍ ነገር አስደግፈሽ ከፍ አድርጊው። ከሁሉ በፊት ግን ቴሲስሽን ዛሬውኑ ፍላሽ ላይም ኢሜይልሽ ላይም አስቀምጪ፣ በጽሑፍ መሃል ድርግም ሲል ፋይሉም ሊበላሽ ይችላል። ሲፈታ ባትሪውንም አሳዪ፣ አብጦ ከሆነ በፍጹም መልሰሽ አትክተቺው፣ ያለ ባትሪ በቻርጀር ብቻ ተጠቀሚ።