ቾሰር ከመቼ ወዲህ ነው «የካንተርበሪ ልጅ» የሆነው?

የለንደኑ፦ ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ የተለጠፈውን ፎቶ አይቼ በጣም ተናደድኩ። ካንተርበሪ ካለው የቾሰር ሐውልት አጠገብ ቆሞ «ከካንተርበሪ ልጅ ጋር» ይላል። ሰውየው፣ «የካንተርበሪ ተረቶች»ን የጻፈው የ14ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ገጣሚ፣ የለንደን ወይን ነጋዴ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1374 ጀምሮ 12 ዓመት በለንደን ወደብ የሱፍ ቀረጥ ተቆጣጣሪ ነበር። የተቀበረው እዚያው ለንደን፣ ዌስትሚንስተር ነው። ሐውልቱ እኮ ገና እ.ኤ.አ. በ2016 ነው የቆመው!

ባለፎቶው፦ ልጅ ያልኩት በፍቅር ነው። ካንተርበሪን ዓለም ያወቃት በማን ሆነና?

የለንደኑ፦ በቶማስ ቤኬት ነዋ! ሊቀ ጳጳሱ በ1170 የካንተርበሪ ካቴድራል ውስጥ ከተገደለ በኋላ ነው ሕዝቡ ለመሳለም የጎረፈው። ቾሰር ሲወለድ ያ ጉዞ ከ150 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ብራና፦ የቤኬትን መቃብር እኮ ሄንሪ 8ኛ በ1538 አስፈረሰው። ተሳላሚዎቹን ዛሬም በዓይናችን እንድናያቸው ያደረገን የቾሰር ግጥም ነው። ይሄ ውለታ አይቆጠርም?

የለንደኑ፦ ውለታ ሌላ፣ ልጅነት ሌላ።

መንገደኛ፦ ማንም ያላነሳውን ላንሳ። በግጥሙ ውስጥ ተሳላሚዎቹ ካንተርበሪ አይደርሱም! ለንደን አጠገብ ሳውዝዋርክ ካለው ማደሪያ ተነሥተው፣ እያንዳንዳቸው ሲሄዱ ሁለት ሲመለሱ ሁለት ተረት ሊያወሩ ተስማሙ። የተጻፈው ግን 24 ብቻ ነው፣ ከዚያ ውስጥም ያላለቀ አለ። በመጨረሻው ላይ ፀሐይ እየጠለቀች ገና መንገድ ላይ ናቸው። ካቴድራሉን በር ድረስ እንኳ አላሳየንም።

ባለፎቶው፦ ደርሰዋል! ከተማ ገብተው ካቴድራሉን ሲጎበኙ አንብቤአለሁ።

መንገደኛ፦ እሱን የጻፈው በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ፣ ስሙ የማይታወቅ ሌላ ሰው ነው። እሱም እንደኛ አለመድረሳቸው ከንክኖት ይሆናል።

ብራና፦ ካንተርበሪ ያለችበትን የኬንት አውራጃ ግን አትርሱ። ቾሰር ከ1385 ጀምሮ የኬንት የሰላም ዳኛ (የአካባቢ ዳኛ) ነበር፣ በ1386 ደግሞ ኬንትን ወክሎ ፓርላማ ገባ። ወደ ፈረንሳይ ለመሻገር የዶቨር መንገድ የሚያልፈው በካንተርበሪ ነው። አገሩን አያውቀውም ማለት ይከብዳል።

የለንደኑ፦ አያውቀውም መቼ አልኩ? «ልጅ» የምትለው ቃል ናት ያንገበገበችኝ።

ሊንከን ነዋሪ፦ ዝምድናው በካቴድራል ከሆነ ሊንከን ትቀድማለች። የቾሰር ሚስት ፊሊፓ በ1386 የሊንከን ካቴድራል ማኅበር አባል ሆናለች። እህቷ ካትሪን ስዊንፎርድም የንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛን ልጅ ጆን ኦፍ ጎንትን ያገባችው እዚያ ነው፣ መቃብሯም እዚያው አለ።

መንገደኛ፦ በሚስት ዘመድ ከተማ ይወረሳል እንዴ? ሊንከንን ካነሣህ የትንሹን ሂዩንም አንሣ። በ1255 ልጁ ሲሞት አይሁድ ገደሉት ተብሎ ንጹሐን ተሰቀሉ። ቾሰር ከተሳላሚዎቹ አንዷ የሆነችውን መነኩሲት በተረቷ ውስጥ ያንን ውሸት እንደ እውነት አስጠቅሷታል።

ሊንከን ነዋሪ፦ ካቴድራሉ ራሱ ወሬው ሐሰት መሆኑን ጽፎ አስቀምጧል። እኔም በዚያ አልኮራም። ያነሣሁት ስለ ቤተሰቡ ነው።

ብራና፦ ያንን የምትለው መነኩሲቷ ናት፣ እሱ አይደለም።

መንገደኛ፦ ቃሉን አፏ ላይ ያስቀመጠው ማን ሆነና! ለዚህ ሌላ ክር ክፈቱ፣ በሁለት መስመር አያልቅም።

የለንደኑ፦ ወደ ፎቶው እንመለስ። «ልጅ» የሚለው ይስተካከል።

ባለፎቶው፦ አላስተካክልም። ከፈለግህ ሥሩ ላይ ጻፍ።