የእንግሊዝ ሴቶች ራግቢ ሊግን ከባሕር ዳር ሆኖ ሙሉ ሲዝን መከታተል፦ ሰዓቱ፣ ሰንጠረዡ፣ ዳታው

ጣና_ዳር

ሰላም ለቤቱ! ነሐሴ 16 በፍልሰታ ዕለት ተጀምሮ መስከረም 17 በመስቀል ቀን ያለቀው የ2025 የሴቶች ራግቢ ዓለም ዋንጫ ብዙ ሰው ወደዚህ ጨዋታ ስቧል። እኛም ባሕር ዳር ውስጥ ሰባት ሆነን የ2025/26ን የእንግሊዝ ሴቶች ፕሪሚየርሺፕ ከመጀመሪያው ዙር እስከ ፍጻሜው ለመከታተል ተስማምተናል። መሠረታዊውን ሕግ እናውቃለን፤ ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚ ግብ መስመር ማዶ መሬት ማስነካት) 5፣ ኮንቨርሽን (ከትራይ በኋላ የሚመታው ተጨማሪ ምት) 2፣ ቅጣት ምት 3 ነጥብ መሆኑ አይጠፋንም። የምንቸገረው በሌላ ነው።

መርሐ ግብሩ በእንግሊዝ ሰዓት ስለሚወጣ ወደ እኛ ሰዓት ስንመልሰው ይምታታብናል። ሰንጠረዡ ላይ ደግሞ ያነሰ ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ከበለጠ ካሸነፈው በላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ግልጽ አልሆነልንም። የዲኤስቲቪ ቤቶች ቅዳሜ ማታ በእግር ኳስ የተያዙ ናቸውና በኢንተርኔት ካየን ለአንድ ሲዝን ስንት ጊጋ ያስፈልጋል? የትኛውን ቡድንስ እንያዝ? የምታውቁ እባካችሁ።

ግሽ_ዓባይ

ሰዓቱን እኔ ልያዘው። ሁለት ቁጥር ብቻ አስታውሱ፦ 3 እና 4።

እንግሊዞቹ የክረምት ሰዓታቸው ላይ ሲሆኑ (የእነሱ ክረምት የእኛ በጋ መሆኑን ልብ በሉ) መርሐ ግብሩ ላይ ከተጻፈው 3 ቀንሱ፤ የሚቀረው በእኛ አቆጣጠር ነው። 14:00 ካለ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ 15:00 ካለ ከምሽቱ 12 ሰዓት። 19:30 ሲቀነስ 16:30 ይመጣል፤ ከእሱ ላይ 12 አንሱና ከምሽቱ 4:30። የበጋ ሰዓታቸው ላይ ሲሆኑ ግን የሚቀነሰው 4 ነው፤ ያው 15:00 ከቀኑ 11 ሰዓት ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው። በክረምታቸው እኛ በ3 ሰዓት እንቀድማቸዋለን፣ የእኛ ቆጠራ ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። በበጋ እነሱ ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ስለሚገፉ ቅድሚያችን ወደ 2 ይወርዳል።

ሰዓት የሚቀይሩት በኦክቶበርና በማርች የመጨረሻ እሁዶች ነው። በ2018 ጥቅምት 16 እና መጋቢት 20 ላይ ይውላል። ሰው የሚሳሳተውም እነዚህ ሁለት ሳምንታት ላይ ነው። ከመጋቢት 20 በኋላ በ3 እየቀነሰ የሚመጣ ሰው ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሮ ያገኘዋል።

ሌላው ወጥመድ ስልክ ነው። መርሐ ግብሩን ወደ ስልካችሁ ካሌንደር ካስገባችሁት ስልኩ ራሱ ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ይለውጠዋል። እሱን እንደገና በ3 ወይም በ4 ከቀነሳችሁ ተበላሸ። ስልኩ 18:00 ካለ የሚቀረው የተለመደው 6 መቀነስ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የ2018ቱ የሴቶች የስድስቱ አገሮች ሻምፒዮና ሚያዝያ 3 ቅዳሜ ይጀምራል፤ ቅዳም ሹር ላይ ማለት ነው፣ በማግሥቱ ፋሲካ። የሚያልቀው ግንቦት 9 ነው። በዚያ ወቅት የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ልጆች ለክለባቸው አይሰለፉም።

ሁለት_ቁጥር

ጣና_ዳር፣ ሰንጠረዡ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሲዝኑን ሲዝን የሚያደርገው እሱ ነው። ጨዋታ ብቻ እየመረጠ የሚያይ ሰው በሦስተኛው ወር ይሰለቸዋል።

ቡድኖቹ ዘጠኝ ናቸው፦ ግሎስተር ሃርትፐሪ፣ ሳራሰንስ፣ ሃርለኩዊንስ፣ ብሪስቶል ቤርስ፣ ኤክሰተር ቺፍስ፣ ላፍብራ ላይትኒንግ፣ ሴል ሻርክስ፣ ሌስተር ታይገርስ እና ትሬይልፋይንደርስ። ቁጥሩ ጎዶሎ ስለሆነ በየዙሩ አንድ አራፊ ቡድን አለ። እያንዳንዱ 8 በሜዳው፣ 8 ከሜዳው ውጭ፣ በድምሩ 16 ጨዋታ ያደርጋል። ስለዚህ በሲዝኑ መሀል ሰንጠረዡን ስታዩ ነጥቡን ከማየታችሁ በፊት የተጫወቱትን ብዛት እዩ። አራተኛ ላይ ያለው ቡድን 9 ጨዋታ፣ አምስተኛው 8 ከሆነና ልዩነቱ 3 ነጥብ ከሆነ፣ አምስተኛው ተስተካካይ ጨዋታውን ካሸነፈ ያልፈዋል።

አሁን ወደ ነጥቡ። ማሸነፍ 4፣ አቻ 2 ነው። ከዚያ ላይ ጉርሻ አለ፦ አራት ትራይ ያስቆጠረ ቡድን ቢሸነፍም 1 ነጥብ ያገኛል፤ በ7 ወይም ከዚያ ባነሰ ነጥብ የተሸነፈ ሌላ 1 ያገኛል። ተሸናፊ 2 ነጥብ ይዞ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። 10 ጨዋታ አሸንፎ 3 ጉርሻ ያለው ቡድን 43 ነው። 9 አሸንፎ 8 ጉርሻ የሰበሰበው 44 ይሆናል። የእናንተ ጥያቄ መልስ ይኸው ነው።

ለዚህም ነው በ75ኛው ደቂቃ 30 ለ 15 የሚመራ ጨዋታ ላይ ተነስቶ መሄድ ትልቅ ስህተት የሚሆነው። ሦስት ትራይ ያላት ተሸናፊ ቡድን ቅጣት ምት ስታገኝ 3 ነጥቡን ትታ ኳሱን ወደ መስመር ውጭ ትመታለች፤ የምትፈልገው አራተኛውን ትራይ ነው። 80 ደቂቃው ቢሞላም ኳሱ እስኪሞት ጨዋታው አያበቃም። ሰዓቱ ካለቀ በኋላ የተሰጠ ቅጣት ምት እንኳ ወደ ውጭ ተመትቶ ላይንአውቱ (ኳሱ ከመስመር ሲወጣ ሁለቱ ቡድኖች ተሰልፈው የሚጠብቁት ውርወራ) ይጣላል።

የመጀመሪያዎቹ አራት ወደ ግማሽ ፍጻሜ ያልፋሉ፤ አንደኛው አራተኛውን፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን በሜዳው ይጋብዛል። ወራጅ ስለሌለ ጭንቀቱ ሁሉ አራተኛዋ ቦታ ላይ ይከማቻል። ያለፈውን ዓመት ቀን ይዛችሁ ግን አትጠብቁ። የ2023/24 ፍጻሜ ሰኔ 15 2016 ነበር፤ የ2024/25 ግን ከዓለም ዋንጫው በፊት እንዲያልቅ ተጨምቆ መጋቢት 7 2017 ተደረገ። ሁለቱንም ከ2022/23ቱ ጋር አከታትላ የወሰደችው ግሎስተር ሃርትፐሪ ናት።

ቡድን ምረጡ ካላችሁኝ ሰባታችሁም አንድ ቡድን አትያዙ። ሰባት ቡድን ተከፋፈሉ፣ ሁለቱን በጋራ ያዙ፣ እሁድ ማታ እያንዳንዱ የቡድኑን ውጤት፣ ጉርሻ፣ ካርድና ጉዳት ይናገር። ሲዝን የሚታወቀው እንዲህ ነው። ደብተር ላይ በየጨዋታው አንድ ቁጥር ብቻ ጻፉ፦ ቡድኑ የተጋጣሚውን 22 ሜትር (ከግብ መስመሩ እስከ 22 ሜትር ያለውን ክልል) ስንት ጊዜ ገባ፣ ከዚያስ ስንት ነጥብ ይዞ ወጣ? 10 ጊዜ ገብቶ 18 ነጥብ ያገኘ በአንድ መግቢያ 1.8 ነው፤ 6 ጊዜ ገብቶ 21 ያገኘ 3.5። ሁለተኛው ኳስ ባይበዛለትም አደገኛው እሱ ነው። በአምስትና ስድስት ጨዋታ ውስጥ ቁጥሩ ከሰንጠረዡ በፊት እውነቱን ይነግራችኋል።

ያ ነጥብ የሚመጣው ደግሞ በአብዛኛው ከግብ መስመሩ 5 ሜትር ላይ ከሚጣል ላይንአውት ነው። በቅርብ እዩት። 2 ቁጥሯ መስመሩ ላይ ቆማ ትወረውራለች። ዘላይዋን ሁለት ልጆች ከፊትና ከኋላ ያነሷታል። ኳሱን ይዛ እግሯ መሬት ሲነካ ጀርባዋን ለተከላካይ ሰጥታ ትዞራለች፣ ሌሎቹ ከሁለት በኩል ይቆልፏታል፣ ሞሉ (ኳሱን በያዘችው ዙሪያ ቆሞ የሚገፋፋው ክምር) ተሠራ። ኳሱ እጅ በእጅ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጅራቱ ላይ ማን ነች? ብዙ ጊዜ ያችው የወረወረችው 2 ቁጥር፣ ከመስመር ገብታ። የ2 ቁጥሮች ትራይ የሚበዛው ለዚህ ነው። የሚበላሸው ሦስት ቦታ ላይ ነው፦ ውርወራው ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል፣ ከዘላይዋ ኋላ ያለችው አንሺ ስትዘገይ፣ ወይም ዘላይዋ ስትወርድ ተከላካዮቹ በቆላፊዎቹ መሀል ሲሰነጥቁ። ማሊያ ላይ ያለው ቁጥር ቦታን ስለሚያመለክት (ከ1 እስከ 8 ፊት፣ ከ9 እስከ 15 ኋላ) ማን ምን እንዳበላሸ በቁጥሩ ማወቅ ይቻላል።

ጣና_ዳር

ሁለት_ቁጥር፣ ግሽ_ዓባይ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ የ3 እና የ4ቱን ነገር ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን። አንድ ልጠይቅ፦ ሞሉ ሲወድቅ አንዳንዴ ቅጣት ምት፣ አንዳንዴ ለተከላካዩ ስክረም (የሁለቱም ቡድን ፊተኞች ተቆላልፈው የሚገፋፉበት ዳግም ማስጀመሪያ) ይሰጣል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ኳሱ መስመር አልፎም ትራይ የማይሆንበት አለ።

ሁለት_ቁጥር

ማን ጣለው የሚለው ነው። ተከላካይ ጎትታ ካወረደችው ቅጣት ምት ነው፤ በተደጋጋሚ ከሆነ ወይም ትራይ ሊቆጠር ሲል ከሆነ ቢጫ ካርድ፣ 10 ደቂቃ ውጭ። ባታጠፋ ኖሮ ትራዩ ሳይቆጠር አይቀርም ነበር ከተባለማ የቅጣት ትራይ 7 ነጥብ ይሰጣል፣ ኮንቨርሽን አይመታም። ማንም ሳያጠፋ ከወደቀ ወይም ቆሞ ኳሱ ካልወጣ ግን ስክረሙ ሞሉ ሲጀመር ኳስ ላልያዘው ቡድን ነው። ስለዚህ ሞሉ መንቀሳቀስ ሲያቆም ዳኛዋ «አውጡት» ትላለች፤ 9 ቁጥሯ ካዘገየች ኳሱ ተነጠቀ። እጇን አግድም ዘርግታ ካያችሁ ጥፋት አይታ ጥቅም እየሰጠች ነው፤ ያኔ አጥቂዎቹ ሲደፋፈሩ ታያላችሁ፣ ቢበላሽም ወደ ቅጣቱ ይመለሳልና።

ኳሱ መስመር አልፎ መሬት ካልነካ፣ ተከላካይ እጇን ወይም እግሯን ከሥሩ ካስገባች፣ ትራይ የለም። ጨዋታው ተከላካዩ ቡድን ከግብ መስመሩ አንጥሮ በሚመታው ምት ይቀጥላል። ኮንቨርሽኑም ትራዩ ከተቆጠረበት ትይዩ እንደሚመታ አትርሱ። ጥግ ላይ የተቆጠረ ትራይ 5 ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

የዘጌ_ቡና

ስለ ዳታው። በ480 ጥራት በሰዓት ወደ 700 ሜጋ ይሄዳል። ጨዋታው ከእረፍቱና ከጉዳት ማቆሚያው ጋር 1 ሰዓት ከ45 ገደማ ስለሚፈጅ 1.2 ጊጋ በሉት። የአንድ ቡድን 16 ጨዋታ 20 ጊጋ አካባቢ ይሆናል፣ 720 ካደረጋችሁት ከእጥፍ በላይ። 360 ይቆጥባል ግን የማሊያ ቁጥር አይነበብም፤ ሞሉ ውስጥ ኳሱም አይታይም፣ ለራግቢ አልመክረውም። ዋናው ነገር ጥራቱን በራስ ሰር አትተዉት። ኔትወርኩ ሲሻለው ሳታውቁት ወደ 1080 ወጥቶ ጥቅሉን በአንድ አጋማሽ ይጨርሰዋል።

ራግቢፓስ ቲቪ የሚባለው የዓለም ራግቢ የራሱ መድረክ በኢሜል ተመዝግቦ በነፃ የሚታይ ነው፤ የማሳየት መብቱ ለሌላ ጣቢያ በተሸጠበት አገር ግን ያንን ውድድር ይዘጋል። የክለቦቹን ሊግ በተመለከተ የሊጉ ድረ ገጽ ላይ ለኢትዮጵያ ምን እንደሚል ሲዝኑ ሳይጀመር አጣሩ፤ መብቱ በየአገሩና በየሲዝኑ ይለያያል። ዲኤስቲቪ ላይ የሱፐርስፖርት የራግቢ ጣቢያ አለ፤ ቤቱ የከፈለው ፓኬጅ ውስጥ መኖሩንና ጨዋታው ፕሮግራሙ ላይ መግባቱን ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። ቅዳሜን አትታገሉ፤ ሪሞቱን ማንም አይሰጣችሁም። የዓርብ ማታና የእሁድ ጨዋታ ካለ ባለቤቱን በሳምንቱ መሀል አናግሩት። ሰባት ሰው ቡና የሚጠጣ ከሆነ እምቢ የሚል የለም።

ቤት ውስጥ ካያችሁ ላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ቴሌቪዥን። መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥኑም ዋይፋዩም ይሄዳሉ፣ ላፕቶፑ ግን በባትሪው ይቀጥላል፤ ስለዚህ የስልክ ሆትስፖት ቀድማችሁ አገናኝታችሁ ሞክሩት፣ ስልኩም ሞልቶ ይጀምር። ማታ ለማየት የምታቆዩት ጨዋታ ካለ የውጤት ማሳወቂያውን አጥፉ፤ ሰባት ስልክ ውስጥ አንዱ መጮኹ አይቀርም።

ግሽ_ዓባይ

የዘጌ_ቡና ስለ ጥራቱ ያልከው ልክ ነው። የኒውዚላንዱን የሴቶች ሊግ፣ ሱፐር ራግቢ አውፒኪንም ማየት ለሚያምራችሁ አንድ ነገር፦ አራት ቡድን ብቻ ነው፣ አጭር ሲዝን፣ ለመልመድ ጥሩ። ግን እስከ ኤፕሪል የመጀመሪያ እሁድ ድረስ ከእኛ በ10 ሰዓት ይቀድማሉ፣ ከዚያ በኋላ በ9። በ10 ሲቀድሙን የእነሱ ቅዳሜ 14:05 ለእኛ ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 10:05 ነው። «ቅዳሜ ሌሊት» ብላችሁ ከተቀጣጠራችሁ ግማሹ ሰው በማግሥቱ ይመጣል፤ መልእክት ስትላላኩ «ለቅዳሜ አጥቢያ» ብላችሁ ጻፉ።