ሕግ የሚያወጣ ሰው ጥብቅናውን ይተው?

አስተባባሪው፦ የዛሬው ክርክር መነሻ ሼልደን ሲልቨር ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። በ1944 በኒው ዮርክ ሎወር ኢስት ሳይድ የተወለደ ጠበቃ ነበር። በ1976 ለግዛቲቱ ምክር ቤት ተመረጠ፤ ከ1994 ጀምሮ ሃያ አንድ ዓመት አፈ ጉባኤ ሆነ። በ2015 በሙስና ተያዘ፣ ተፈረደበት፤ በ2022 እስራቱን ሳይጨርስ ሞተ። አፈ ጉባኤ ሳለም ከጥብቅና ቢሮ ገቢ ያገኝ ነበር። የግዛት ሕግ አውጪ ጥብቅናውን ይዞ መቀጠል አለበት ወይስ የለበትም?

የብሮንክሷ (ብሮንክስ ከተባለው የኒው ዮርክ ከተማ ክፍል)፦ የለበትም! አንድ የታወቁ ሐኪም አስቤስቶስ በተባለው የግንባታ ማዕድን ብናኝ የሚመጣውን ካንሰር ያጠኑ ነበር። ሲልቨር ከግዛቱ ካዝና 500 ሺህ ዶላር ለምርምራቸው አስለቀቀላቸው። ሐኪሙም ታማሚዎቻቸውን እርሱ ወዳለበት የጥብቅና ቢሮ መሩ። ቢሮው ካሳ ባስከፈለ ቁጥር ለሲልቨር ድርሻው ይደርሰዋል፤ ተደምሮ ሦስት ሚሊዮን ዶላር ገደማ። አንድ ዶሴ ገልጦ ሳይከራከር! ይህ ጥብቅና ከተባለ ድለላ ምን ሊባል ነው?

ጋሼ (ጡረታ የወጡ ጠበቃ)፦ ልጄ፣ ቁጣሽ ይገባኛል። ነገር ግን የዘረዘርሽውን ሁሉ ሕጉ ቀድሞም ይከለክላል። ሰውየው የታሰረው ጠበቃ በመሆኑ ሳይሆን ሥልጣኑን በመሸጡ ነው። የመጀመሪያው ፍርድ በ2017 በይግባኝ ቢሻርም በ2018 እንደገና ተከሶ እንደገና ጥፋተኛ ተባለ። ሊንከን በ1834 ለኢሊኖይ ምክር ቤት ተመርጦ፣ በ1836 የጥብቅና ፈቃድ አግኝቶ፣ እስከ 1842 ድረስ ሁለቱንም ይዞ ሠርቷል። ባርባራ ጆርዳን በሂዩስተን ጠበቃ ነበረች፤ በ1966 ለቴክሳስ ሴኔት የተመረጠች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። ዛሬም የቴክሳስ ሕግ አውጪ ደመወዝ በዓመት 7,200 ዶላር ነው፤ የኒው ሃምፕሻየሩ ደግሞ 100 ዶላር! ጥብቅናን ከከለከላችሁ ወንበሩ ላይ ማን ሊቀመጥ ነው? ሀብታምና ጡረተኛ። እንደ እኔ ያለው ሽማግሌ ማለቴ ነው።

የሕግ ተማሪው፦ ጋሼ፣ ቴክሳስን ባያነሡ ይሻልዎት ነበር። እዚያ የምክር ቤት አባል የሆነ ጠበቃ ጉባኤው በሚካሄድበት ወቅት ቀጠሮ ይራዘምልኝ ካለ ዳኛው ማራዘም አለበት። ዳኛው እምቢ ማለት የሚችለው ጠበቃው ችሎቱ ሊጀመር 30 ቀን ወይም ከዚያ ያነሰ ጊዜ ሲቀረው የተቀጠረ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ነገሩ እንዲጓተትለት የሚፈልግ ተከራካሪ ምን ያደርጋል? የምክር ቤት አባል ጠበቃ አድርጎ ይቀጥራል። ሰውየው በሕግ ዕውቀቱ ሳይሆን በወንበሩ ተፈለገ ማለት ነው። እዚህ ውስጥ ጉቦ የለም፣ ወንጀል የለም፣ ሁሉም በሕግ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ከሲልቨር ይልቅ ይህ ነው። ሲልቨርን ዐቃቤ ሕግ ይይዘዋል፤ ይህን ግን ማን ይይዘዋል?

ጋሼ፦ እሱን እቀበላለሁ። የቀጠሮውን ሕግ ሰርዙት። ስለ አንድ መጥፎ ሕግ ብላችሁ ግን ጠበቃን ሁሉ ከምክር ቤት አታባርሩ።

የኩዊንሱ (ኩዊንስ ከተባለው የዚያው ከተማ ክፍል)፦ ደመወዝ አነሰ ለሚባለው እኔ ልመልስ። የኒው ዮርክ ሕግ አውጪ ከ1999 እስከ 2018 በዓመት 79,500 ዶላር ይከፈለው ነበር፤ ሲልቨር አፈ ጉባኤ ስለሆነ ወደ 121,000 ያገኝ ነበር። ችግር አስገደደው አይባልም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ለሚል ሰው የትኛው ደመወዝ ይበቃዋል? በ2022 መጨረሻ ደመወዙን 142,000 ሲያደርሱት የውጭ ገቢ በዓመት ከ35,000 ዶላር እንዳይበልጥ አብረው ደነገጉ። መካከለኛ መንገድ ነው ይባላል። እኔ ግን ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ከፋዩ ማን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ደንበኛው በሚቀጥለው ወር ከምክር ቤቱ የሚፈልገው ነገር ካለ፣ 35,000ም ብዙ ነው።

የብሮንክሷ፦ እንግዲያው ፈቃዱን ይመልስ፤ ዘመኑን ሲጨርስ ይውሰድ። ሐኪምና አስተማሪ ለሥልጣን ሲሉ ሥራቸውን የሚተዉበት አገር አለ፤ ጠበቃን ምን ልዩ ያደርገዋል?

ጋሼ፦ መልካም። የኒው ዮርክ ግዛት ሴኔት መሪ ዲን ስኬሎስም ጠበቃ ነበር፤ በዚያው በ2015 ተፈረደበት። የተከሰሰው ግን በጥብቅናው አይደለም፤ በሥልጣኑ ድርጅቶችን አስጨንቆ ለልጁ ሥራና ገንዘብ አስገኝቷል ተብሎ ነው። ፈቃዱን ትቀሙታላችሁ፤ ልጁንስ?

የብሮንክሷ፦ ልጁም ተፈርዶበታል እኮ፣ ጋሼ።